ላብ ያልደረቀለት አይገባም

መርካቶ ውስጥ እንደ እኔ ያለ በር ጠባቂ አልነበረም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው። ባንክ በር ላይ ጠመንጃ አንግበው የሚቆሙትን አይቻቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ቆመው ያንቀላፋሉ። እኔ አስር ዓመቴ ነበር፣ መሣሪያዬ አንድ የውሃ ጣሳ ነበር፣ አንድም ቀን አላንቀላፋሁም። መኪና ያለው ነጋዴም ሆነ ጺሙን ሂና የተቀባ ሼህ፣ በራችን ላይ በተደፋ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ግንባሩን በመዳፌ እስክዳስሰው ይጠብቃል። ላቡ ካልደረቀ አይገባም። ደረቀ፣ አልደረቀም የምለው ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የዚያን በር ነገር ለማንም ሳልናገር ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። አፌን የሚያውቅ ሰው፣ ምን ያህል ባፍርበት ነው ዝም ያልኩት ብሎ ይገምት።

ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር። ቤታችን ከጭድ ተራ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት። አባቴ መሃሉን በስስ የኮምፔርሳቶ ሳንቃ ከፍሎ የፊተኛውን «ሳሎን» እያለ ይጠራዋል። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰው ከተቀመጠ አራተኛው ይቆማል። አባቴ ረዲ ይባላል። እህል በረንዳ ባቄላና አተር ይሸጥ ነበር። ከጆንያ አንድ ፍሬ ባቄላ አንስቶ በጥርሱ ሰብሮ፣ ዘንድሮ የተሰበሰበ ይሁን አምና የከረመ ወዲያው ይናገራል። ስለ ራሱ ገላ ግን እንዲህ አያውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን አየሁት።

«አባ፣ ዓይንህን እርድ ነክቶታል» አልኩት።

ሳቀ። እናቴ ሰዓደት ግን ፎጣውን ይዛ እንደቆመች ቀረች። በሳምንቱ ቆዳውም ቢጫ ሆነ፤ እያከከው እጁ ቆሰለ፤ ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ሆዱን በመሣሪያ አይቶ ደብዳቤ ጻፈና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከው። ደብዳቤው ከእናቴ ሣጥን ገባ፤ እዚያው ቀረ። ምክንያቱም ዓይን ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው፣ የወፍ በሽታ ደግሞ መርፌ አይወድም፤ መርፌ ከነካው አበቃ። ይሄን በሰፈራችን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እናቴም ታውቃለች፣ ጎረቤቱም ያውቃል፣ ቢጫው ሰውዬ ራሱም ያውቃል።

ስለዚህ ጋሼ ጥጋቡ ተጠሩ። ከጎጃም የመጡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ቀን ቀን ጎጃም በረንዳ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ናቸው፤ የወፍ መድኃኒት ያውቃሉ። ቅጠሉን ማንም እንዳያይባቸው ውጪ ዞር ብለው ወቅጠው፣ በማር ለውሰው ገቡ። አባቴ ዋጠው። ፊቱ ሲኮማተር እኔም አብሬ ተኮማተርኩ።

«ስሚኝ ሰዓደት» አሉ ጋሼ ጥጋቡ እጃቸውን እየታጠቡ። «ቅጠሉ ጥሩ ነው፤ ግን ስስ ነው። ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ መንገድ መጥቶ ላቡ ያልደረቀ ሰው በቀጥታ ገብቶ በሽተኛው ፊት ከቆመ መድኃኒቱ ይሽራል፤ ኃይሉን ያጣል። የመጣ ሁሉ በር ላይ ይረፍ፣ እግሩን ይታጠብ፣ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይግባ። መርፌ ደግሞ ጨርሶ። መርፌና የኔ ቅጠል አንድ ገላ ውስጥ አይገናኙም።»

«እኔ እኮ ሱቁን ልከፍት ነው» አለች እናቴ። «ሱቁ ከተዘጋ ምን እንበላለን? በሩን ማን ይጠብቃል?»

ጋሼ ጥጋቡ ዞር ሲሉ እኔን አዩ።

«እቺስ ምን ትሠራለች?»

«አራተኛ ክፍል ናት።»

«አፏስ?»

«አፏማ አስራ ሁለተኛን ጨርሷል» አለ አባቴ ከአልጋው።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሹመት እንደተሰጠኝ ነው የገባኝ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ተብሎ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ሁለት ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም።

ሥራው እንዴት ደስ ይል እንደነበር ብናገር ታዝናላችሁ። አባቴ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ያቃስታል፤ እኔ ከበሩ ላይ ንግሥት ነኝ። የመጀመሪያው ትልቅ ሰው ጋሼ ጃፋር ነበሩ፤ ጨርቃ ጨርቅ ከውጭ የሚያስመጡ፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ፣ የአባቴ የአገር ልጅ።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ ጃፋር።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ በመኪና ነው የመጣሁት።»

«ግንባርዎ ግን በእግሩ ነው የመጣው።»

ከት ብለው ሳቁና ተቀመጡ። ሳጥኑ ሲጢጥ አለ። ጣሳውን አቀበልኳቸው፣ እግራቸውን ታጠቡ፣ ተነፈሱ። ደጋግመው ሰዓታቸውን አዩ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አንድ እፍኝ ከረሜላ አወጡ።

«ይሄስ አያቀዘቅዝም?»

ግንባራቸውን ዳሰስኩ። እርጥብ ነው። ከረሜላውን አየሁ። ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ወረቀቱ ያብረቀርቃል።

«ደርቋል። ይግቡ» አልኩ።

ወሬ መርካቶ ውስጥ ከተሸካሚ ይፈጥናል። በሳምንቱ ጠያቂ ሁሉ ኪሱ ሞልቶ ይመጣ ጀመር፤ ማስቲካ፣ ሙዝ፣ አንዱ ደግሞ አዲስ የፀጉር ማስያዣ። ይዞ የመጣ ሰው ቶሎ ይደርቃል። ባዶ እጁን የመጣ ቀስ ብሎ። አውቃለሁ፤ አስቀያሚ ነው። ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም። ደግ ሰው ላቡ ቶሎ ይደርቃል ብዬ አምኜ ነበር፤ የሚያምን ልጅ ደግሞ አፉ ከረሜላ ስለሞላ ብዙ አይጠይቅም።

ባዶ እጇን የምትመጣው እትዬ ዙህራ ነበረች፣ የአባቴ ታናሽ እህት። የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ በራሷ ላይ ደራርባ ጎጃም በረንዳን እየዞረች ትሸጣለች። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ትመጣለች፤ ጭነቷን አውርዳ በሩን ተደግፋ ስትቆም ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«ተነሺ ከበሩ፣ ሀፍሷ።»

«ላብሽ ገና ነው።»

«ላቤማ እስከ መግሪብም አይደርቅ። ሠርቼ ነው የምበላው።»

«ጋሼ ጥጋቡን ጠይቂ። ሕግ ነው።»

ዙህራ አትለማመጠኝም። ይሄ አንድ ጥፋቷ ነው። ሌላው ጥፋቷ፣ እናቴን ባገኘቻት ቁጥር «ልጅቷን ትምህርት ቤት መልሻት፣ ደጅ ላይ ልታስረጂያት ነው?» ትላታለች። ሥራዬን ልታስነጥቀኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩባት። ስለዚህ እሷ ልትመጣ ስትል ሳጥኑን ከጥላው ወደ ፀሐይ እገፋዋለሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ላቧ እንዴት ይደርቃል? እኔም «ገና ነው»፣ «ገና ነው» እያልኩ አስቀምጣታለሁ። አንዳንዴ ሳፋዋን ደርባ ወንድሟን ሳታየው ትመለሳለች። አንድ ቀን ከውስጥ «ዙህራ ዛሬም አልመጣችም?» ሲል፣ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ጀርባዋ እየታየኝ፣ «አልመጣችም» ብያለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ጎኑን ይዞ ማታ ሳይሆን በጠራራ ቀን ብርድ ብርድ አለኝ ማለት ጀመረ። ጋሼ ጥጋቡ መጡ። ደንቡ ለራሳቸውም ስለሚሠራ መጀመሪያ እኔ ፊት ተቀመጡ፤ እግራቸውን ታጠቡ፤ ግንባራቸውን ሰጡኝ። ከሁሉም ጠያቂ የሳቸው ብቻ ነበር ከልብ የደረቀው። ገብተው የአባቴን ዓይን ገልጠው አዩ፣ ሆዱን ነካ አደረጉ፤ ከዚያ እናቴን ወደ በር ይዘዋት ወጡ። እኔ ጣሳውን የማጥብ መስዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«የኔ መድኃኒት እንዲህ አይቆይም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወፍ ቢሆን በአስራ አራት ቀን ይለቃል። ወይ ሽሯል፣ ወይ በሽታው የኔ አይደለም። ለሐኪም አሳዪው።»

እናቴ የሻሿን ጫፍ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

«አንድ ሳምንት ይጨምሩልን።»

«ሰዓደት፣ እኔ ልዋሽሽ አልችልም።»

«አንድ ሳምንት፣ ጋሼ። እሱም ቢሆን እሺ አይልም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅጠል ግን ጨመሩ።

አሁን ሳስበው የተናገሩት ብዙ ነገር ነው። እኔ የሰማሁት አንዲት ቃል ነበር፤ ሽሯል። የሻረው ማን ባስገባው ላብ እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የጋሼ ጃፋር እርጥብ ግንባር በመዳፌ ላይ እንዳለ ተሰማኝ። ፍራሼ ሥር ያጠራቀምኳቸውን የከረሜላ ወረቀቶች አውጥቼ ቦይ ውስጥ ጣልኳቸው፤ ቀይና አረንጓዴ ሆነው እየተንሳፈፉ ሄዱ። ለእናቴ ልንገር ብዬ ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። ሁለቴም ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ከዚያ ለራሴ ማልኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው አላስገባም። በሩን እንዲህ ጥርቅም አድርጌ ከጠበቅኩ መድኃኒቱ ይመለሳል፤ አባቴ ይድናል፤ ያደረግኩትንም ማንም አያውቅም።

በማግስቱ ሐሙስ ዙህራ እየሮጠች መጣች። ራሷ ላይ ሳፋ የለም። ያለ ሳፋ አይቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስላኝ ነበር። እጇ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አለ።

«ክፈቺ፣ ክፈቺ ቶሎ። አልጋ ተገኝቷል።»

«የምን አልጋ? አልጋ አለን እኮ።»

«የሆስፒታል አልጋ ነው፣ አንቺ ልጅ። ከክሊኒኩ የደብዳቤውን ኮፒ አውጥቼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተሰልፌ ነው። ዛሬ ካልገባ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ታክሲ ዋናው መንገድ ላይ አቁሜያለሁ።»

«መርፌ ሊወጉት?»

መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም።

«መርፌ ብቻ አይደለም። ቀደው ነው በሽታውን የሚያወጡለት። ከዚያ ይድናል።»

ወደ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና መቀርቀሪያውን ጣልኩት። በመዳፏ መታችው።

«ሀፍሷ። እናትሽ ጋ ደርሼ ነው የመጣሁት። እሱ እሺ ካለ ውሰጂው ብላለች።»

«ውሸታም» አልኳት በቀዳዳው። «መድኃኒቱን ያሻርሽው አንቺ ነሽ። በላብሽ።»

ይሄን ስል በጥቂቱም ቢሆን ቀለለኝ። ጥፋቱን የምሰጠው ሰው አገኘኋ።

ከኮምፔርሳቶው ወዲያ አልጋው ተንቋቋ።

«ሀፍሷ፣ ማን ነው?»

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው። በእንጨቱ ቀዳዳ የዙህራ ቀሚስ ይታየኛል።

«ማንም አይደለም፣ አባ። ለማኝ ነው።»

በሩ መመታቱን ተወ። ከመተላለፊያው ማዶ አንድ ተሸካሚ «ዞር በል፣ ዞር» እያለ አለፈ። ከዚያ አባቴ፣ ከወትሮው ረጋ ብሎ፣ ድምፁንም ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ዳቦ ስጪው። ደክሞ ነው የመጣው፤ ባዶ እጁን አይመለስ። በሰላም ይሂድ በይው።»

ዳቦ ቆረስኩ። በሩን አንድ ስንዝር ከፍቼ አቀበልኳት። ትስቅብኛለች ወይ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ፊቷ ከላይ እስከ ታች ርሷል። ላብ ነው አልኩ፤ ያኔ ለእኔ ከሰው ፊት የሚወርድ ውሃ ሁሉ ላብ ነበር። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠችና ዳቦውን እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብላ፣ በላችው። ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ ለቅማ አፏ ውስጥ ከተተች። ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ አስገባች፤ ሄደች። ለካ ርቧት ነው አልኩ በልቤ።

ስገባ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ጎበዝ ልጅ» አለኝ።

በዚያች ቃል ምን ያህል እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

በአስረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዙሁር ሲቃረብ፣ እናቴ እግሩ ሥር እንደተቀመጠች ሞተ። ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ገባ፤ ላቡን ማንም ሳይዳስስለት። ማንም «በር ላይ ማን ነበረች?» ብሎ አልጠየቀም። እኔ ጣሳዬን ይዤ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ሰው ቦታ ለማስፋት ብሎ ሳጥኑን ከሥሬ አነሳው።

አስራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ያቺን የክሊኒክ ደብዳቤ ከእናቴ ሣጥን አግኝቼ ለአንድ ፋርማሲስት አሳየኋት። የሐሞት መውረጃውን ጠጠር ዘግቶት ነው አለኝ። «ይሄ እኮ በኦፕራሲዮን የሚወጣ ነው። ሰውየው አሁን ደህና ናቸው?» ደህና ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙህራ በአረፋ ቤታችን ስትመጣ እኔን ራሴን ያመኛል። እሷ ጎጃም በረንዳ ትንሽ የፕላስቲክ ሱቅ ከፈተች፤ እኔ በጎጃም በረንዳ ላለማለፍ ስንት መንገድ ስዞር ኖሬያለሁ።

ባለፈው ወር ግን ባቡሩን ሊሠሩ መንገዱን ቆፈሩት። መዞሪያውም መሻገሪያውም ጠፋና የቀረችው አንዲት የጣውላ መተላለፊያ በዙህራ ሱቅ በር ላይ ነው የምታልፈው። ሻሼን ፊቴ ላይ ጎትቼ፣ አንገቴን ሰብሬ ስራመድ፣

«ሀፍሷ» አለችኝ። «ጠጠር እየቆጠርሽ ነው የምትሄጂው? ነይ እስቲ።»

ገባሁ። ሳፋዎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ወፍራለች፤ መነጽር አድርጋለች። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ሁሉንም በአንድ በአንድ ቃል መለስኩ።

«አፍሽን ምን ነካው? ድሮ እኮ ሰው አታስወራም ነበር።»

ያኔ ፈሰሰ። ከረሜላውን ነገርኳት፤ ሳጥኑን ወደ ፀሐይ እገፋ እንደነበር ነገርኳት፤ «አልመጣችም» ያልኩትን፤ ለማኝ ነው ያልኩትን። የሐኪሙን ደብዳቤ ነገርኳት። በመሃል ተነስታ ለአንዲት ሴትዮ ጆግ አሳይታ ተመለሰች።

«ሳጥኑን አይቻለሁ» አለች። «ፀሐዩን የማላውቅ መሰለሽ? እሱ አስቀያሚ ነበር። ለማኝ ያልሽውም አስቀያሚ ነበር። እነሱን እፈሪባቸው፤ ይገባሻል።»

«ይሄ ብቻ አይደለም እኮ፣ እትዬ ዙህራ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን በሩን ብከፍትልሽ ኖሮ ይድን ነበር።»

መነጽሯን አወለቀች። ልታቅፈኝ ነው ብዬ ነበር። ያየችኝ ግን ዋጋ ቀንሽ ብሎ እንዳስቸገራት ሰው ነው።

«ቤታችሁ ኮምፔርሳቶ ነው» አለች። «ወንድሜ እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ የጎረቤት ሳል የማን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። የኔን ድምፅ ያጣዋል? በሩን እየደበደብኩ፣ አልጋ፣ ሆስፒታል፣ ታክሲ ስል አልሰማም? ሁሉንም ሰምቶ ነው ዳቦ ስጪው ያለሽ። አልሄድም ማለቱ ነው። ቢላዋ ይፈራል፤ ለአረፋ በግ ሲታረድ ሱቅ ረሳሁ ብሎ የሚወጣ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ያንን በር በአንድ እርግጫ መገንጠል አያቅተኝም ነበር። አልገነጠልኩትም። ዳቦውን በልቼ ሄድኩ። ይሄ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የምሸከመው።»

«ግን እኔ በሩን ባልዘጋ...»

«ሀፍሷ» አለች፣ ደንበኛዋ ያነሳችውን ሳፋ ከእጇ ተቀብላ በቀሚሷ አቧራውን እየጠረገች። «እኔና ወንድሜ ተነጋግረን የጨረስነው ነገር ነው። አንቺን ማን ቆጠረሽ?»